መልስ፦ የበግ ሽንጥ ስፋትን በስልክ ፎቶ መለካት

የበግ ሽንጥ ጡንቻን ስፋት ከስልክ ፎቶ ሲያሰሉ፣ ጡንቻው ላይ ባነጠፉት ብርሃን አሳላፊ ላስቲክ ላይ ዙሪያውን ነድፈው ካገኙት ለምን እንደሚበልጥ ጠይቀዋል። በፎቶው ላይ ለልኬት የሚያነጻጽሩበትን ማስመሪያ ጠረጴዛው ላይ እንዳስቀመጡት ጽፈዋልና ስህተቱ ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። ካሜራው ከጠረጴዛው 50 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ ሥጋው 5 ሴንቲሜትር ውፍረት ካለው፣ የሥጋው ገጽ ከማስመሪያው ይልቅ ለሌንሱ ስለሚቀርብ ርዝመቱ በ11 በመቶ፣ ስፋቱ ደግሞ በ23 በመቶ ገደማ ተጋኖ ይነበባል። ስለዚህ ማስመሪያውን ከተቆረጠው ገጽ እኩል ከፍ አድርገው፣ ስልኩን ሳያዘነብሉ ከላይ ያንሱ።

አቆራረጡም ከበግ በግ መለያየት የለበትም፤ በ12ኛውና በ13ኛው የጎድን አጥንት መካከል ገደድ ብሎ የተቆረጠ ጡንቻ ከእውነተኛው ሰፍቶ ይታያል። ለስሌቱ ኢሜጅ ጄ የተባለው ነጻ ሶፍትዌር ይበቃል፤ ጠርዙን ግን በእጅዎ ይከተሉ፣ አለበለዚያ አጠገቡ ያሉት ትንንሽ ጡንቻዎች አብረው ይገባሉ።

ቀለሙንና ስቡንም ለመገምገም ካሰቡ ሥራው ይከብዳል። አዲስ የተቆረጠ ሥጋ ጠቆር ብሎ ቆይቶ አየር ሲያገኝ ስለሚቀላ፣ ሁሉንም ከቆረጡ ከ30 ደቂቃ በኋላ፣ በአንድ ዓይነት ብርሃንና ያለ ፍላሽ ያንሱ። የእኔ የመጀመሪያ ፎቶዎች ላይ የፍላሹ ነጸብራቅ ስብ መስሎ አሳስቶኝ ነበር።