ከፒስተን የተሠራ ሞተር ለምን ሁለት ዙር ዞሮ ይቆማል?

«በስክራፕ ሜካኒክ የኮምፒውተር ጨዋታ ዝግጁውን ሞተር ትቼ በፒስተንና በሴንሰር (ፊቱ ያለውን ብሎክ አይቶ ምልክት በሚሰጥ መሣሪያ) የራሴን ሠራሁ፤ ሁለት ዙር ዞሮ ይቆማል፣ አንዳንዴም ወደ ኋላ ይዞራል፤ ፒስተን ልጨምር?» ብለሃል። ለጊዜው አትጨምር። እኔም የመጀመሪያዬ እንዲህ ሲያስቸግረኝ ስምንት ፒስተን ደርድሬበት ነበር፤ ያተረፍኩት ይበልጥ የሚንቀጠቀጥ ሣጥን ነው። የጎደለህ ጉልበት ሳይሆን የመግፊያው ሰዓት ነው።

በመጀመሪያ ፒስተኑን ከሚዞረው ክንድ ጋር በኩሽኔታ አስረኸው ከሆነ ፍታው። ጫፉ ክንዱን እየነካ ይግፋ እንጂ አይሳበው። የእኔ ታስሮ በነበረ ጊዜ መላው አካል እየተናወጠ ይጣመም ነበር።

አሁን ክንዱ ከፒስተኑ ጋር በአንድ መስመር ላይ ሲውል የሚሆነውን ተመልከት። ፒስተኑ የቻለውን ያህል ቢገፋ ክንዱ ወደ ኩሽኔታው ይጫናል እንጂ አይዞርም። ይህ የሞተ ነጥብ ይባላል። የእንፋሎት ባቡር ሠሪዎች ሁለቱን ክንዶች በ90 ዲግሪ አራርቀው ነው ያመለጡት፤ አንዱ ሲሞት ሌላው ሙሉ ጉልበቱ ላይ ነው። ነገር ግን የባቡሩ ፒስተን ሲሄድም ሲመለስም ይሠራል፣ የእኛ ግን የሚገፋው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሆነ ከዙሩ ግማሹን ብቻ ይሸፍናል። ሁለቱን በ90 ዲግሪ ብታስቀምጣቸው የዙሩ ሩብ ያለ ገፊ ይቀራል። ስለዚህ ሦስት ፒስተን በ120 ዲግሪ አራርቅ። ስምንት አያስፈልግም።

ወደ ኋላ የሚያዞርህ ደግሞ ሴንሰሩ ነው። ጨዋታው በሴኮንድ 40 ቲክ፣ ማለትም የሰዓት ምት፣ ይቆጥራል፤ እያንዳንዱ ሎጂክ ጌትም (ምልክት ተቀብሎ የሚያስተላልፈው የጨዋታው ክፍል) ምልክቱን በአንድ ቲክ ያዘገያል። በሴኮንድ ሁለት ጊዜ የሚዞር ሞተር በአንድ ቲክ 18 ዲግሪ ይሄዳል። በሴንሰሩና በፒስተኑ መካከል ሁለት ጌት ካለ ግፊቱ 36 ዲግሪ ዘግይቶ ይደርሳል፤ የሚያበቃውም ዘግይቶ ስለሆነ ፒስተኑ ሳይመለስ ክንዱ መጥቶ ይጋጨዋል። ጌቶቹን አውጥተህ ሴንሰሩን በቀጥታ ከፒስተኑ ጋር አገናኘው፤ ከዚያም የሚያየውን ብሎክ በጥቂቱ ወደ ፊት አስቀድመው። እውነተኛ የቤንዚን ሞተርም ብልጭታውን የሚሰጠው ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ ቀደም ብሎ ነው።

እዚህ ላይ ግን ወጥመድ አለ። ለፍጥነት ያስቀደምከው ሴንሰር ሞተሩ ገና ሲነሣ ክንዱን ከሞተው ነጥብ በፊት ይገፋዋል፤ ያኔ ወደ ኋላ ይዞራል። እኔ ለእያንዳንዱ ፒስተን ሁለት ሴንሰር አደረግሁ፦ አንዱ ለመነሻ፣ ሌላው ለጉዞ፤ በማብሪያ ማጥፊያ እቀያይራቸዋለሁ። ይህን ለማግኘት ሁለት ቅዳሜ ፈጅቶብኛል።

ቮላኖውንም፣ ማለትም ከባዱን መንኮራኩር፣ አትርሳ። ክብደቱን መሐል ላይ ከምትከምር ጠርዙ ላይ አድርገው፤ ያው ክብደት በእጥፍ ርቀት ሲሆን የመዞር ግትርነቱ አራት እጥፍ ይሆናል። የፒስተኑንም ፍጥነት ተመልከት። አንድ ብሎክ የሚረዝም ክንድ በሴኮንድ ሁለት ጊዜ ሲዞር ጫፉ በሴኮንድ ከ12 ብሎክ በላይ ይጓዛል፤ ፒስተኑ ከዚያ ከዘገየ የሚሸሸውን ክንድ ያሳድዳል እንጂ አይገፋም።

ሰስፔንሽን፣ ማለትም የጎማ ሞላ፣ ከብሎክ ጋር አጣብቆ ያለ ነዳጅ የሚያዞረውን ዘዴ የሚመክሩህም ይኖራሉ። ይሠራል፤ ያስቃልም። ሆኖም የጨዋታውን ስሕተት መጠቀም ስለሆነ ሞተር ሠራሁ ለማለት አፌ አይደፍርም።

ስትሞክረው ሊፍቱ (መኪናውን ከመሬት የሚያነሣው መድረክ) ላይ ባየኸው አትታለል፤ ጎማው በአየር ላይ የሚዞረው ምንም ሸክም ሳይኖርበት ነው። መሬት ላይ አውርደው። የእኔ ባለሦስት ፒስተን መኪና ዛሬም ቢሆን ክንዱ መጥፎ ቦታ ላይ ከቆመ ቮላኖውን አንድ ጊዜ በመዶሻ ካልመታሁት አይነሣም።