«ለአባባ እንዳትነግሪው»

ሰሞኑን ከሐዋሳ አንድ አባት ጽፎልኛል። አሳጥሬ ላቅርበው፦

«ባጃጅ እሠራለሁ፤ ከንጋቱ 12 ሰዓት ወጥቼ ምሽት 2 ሰዓት ነው የምገባው። ከተጋባን 9 ዓመታችን ነው፣ የ8 ዓመት ሴት ልጅ አለችን። ከአራት ወር በፊት ባለቤቴን ‹እስቲ ጥፋቴን ንገሪኝ› አልኳት፣ ከልቤ ነበር። ‹ልጅቷ ደብተሯን ይዛ ስትመጣ ስልክህን እያየህ ቆይ ትላታለህ፣ ቆይ እንዳልካት ትተኛለች› አለችኝ። ተናደድኩ። ‹ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ የምነደው ለማን ብዬ ነው? አንቺስ?› ብዬ ጮህኩባት። ከዚያ ወዲህ ስጠይቃት ‹ምንም የለም፣ ደህና ነህ› ብቻ ነው። ባለፈው ሳምንት ልጄ በሒሳብ ፈተና ከ20 8 ማምጣቷን ከጎረቤት ልጅ ሰማሁ። ለምን አልነገርሽኝም ስላት ‹እማዬ ለአባባ እንዳትነግሪው ብላኝ ነው› አለችኝ። ሲነገረው የሚሰማ ሰው መሆን እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር?»

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ልቤን ነክቶታል። ብዙ ሰው እዚህ ሲደርስ «ሚስቴን ምን ላድርጋት» ነው የሚለኝ። አንተ ራስህን ይዘህ መጣህ።

በቅድሚያ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያን ቀን የተነሳው ድምፅህ ብቻ ነው ወይስ እጅህም ተነስቷል? ያን ቀን ባይሆን በሌላ ጊዜስ? ተነስቶ ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ዝምታዋ ራሷን መጠበቂያዋ ነው፣ አንተም ሳትውል ሳታድር ባለሙያ ፊት ለፊት ማነጋገር አለብህ። ካልሆነ እንቀጥል።

«ምንም የለም» ማለቷን ሰላም አድርገህ እንዳትወስደው። ባለቤትህ አስልታዋለች። ብትናገር ጭቅጭቅ፣ ዝም ብትል ጸጥታ። ጸጥታውን መረጠች፣ ልጅህም ከእሷ ተማረች።

ግን መስማትን የት ተምረነው እንወቀው? እኛ ጋ ምክር ከላይ ወደ ታች ነው የሚወርደው፤ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከሽማግሌ ወደ ጎረምሳ፣ ከባል ወደ ሚስት። «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» እንላለን እንጂ ሰው በራሱ እግር ሄዶ «ምከሩኝ» ሲል እምብዛም አናይም። መሥሪያ ቤት ደግሞ ግምገማ አለ። ሂስና ግለ ሂስ በሚባለው አዳራሽ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ሂስ ማለት ክስ እንደሆነ ለምዶ ነው የሚወጣው፣ ከክስ የሚዳነው ደግሞ በመከላከል ነው፤ ያ ልማድ ቤት ድረስ ይከተለንና ሚስታችን ስለ ደብተር ስታወራን ጠበቃ ሆነን እንቆማለን። ይሉኝታም አለ። ቅር የተሰኘ ሰው ለእህቱ ይነግራል፣ ለጎረቤት ይነግራል፣ ላስቀየመው ሰው ግን አይነግርም። ስለዚህ ባለቤትህ ያን ቀን አፍ አውጥታ መናገሯ ቀላል ነገር አልነበረም።

በ1955 እ.ኤ.አ. ጆሴፍ ሉፍትና ሃሪ ኢንግሃም የሚባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ሰዎች የሰውን ማንነት በአራት ክፍል መስኮት መስለውት ነበር። ከአራቱ አንዱ ሌሎች የሚያዩብን፣ እኛ ግን የማናየው ነው። አንተ ባጃጅ ላይ ስለምትውል ይህ አይጠፋህም። ከኋላህ የሚመጣውን የምታየው በስፖኪዮ ነው። ስፖኪዮው መኪና ቀረበ ብሎ ሲያሳይህ አትቆጣውም።

ታዲያ ለምን ተቆጣህ? ባለቤትህ ስለ ደብተር ነው የነገረችህ፣ አንተ የሰማኸው ግን «መጥፎ አባት ነህ» የሚል ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. አቭራሃም ክሉገርና አንጀሎ ዴኒሲ ለሰው ስለ ሥራው በሚሰጥ አስተያየት ላይ ከተደረጉ ጥናቶች ከ600 በላይ ውጤቶችን ሰብስበው መርምረው ነበር። በአማካይ አስተያየት ይጠቅማል፤ ከሲሶ በላይ በሚሆኑት ላይ ግን የሰዎቹን ሥራ ጭራሽ አበላሽቶታል። እነሱ እንደሚሉት የሰውየው ሐሳብ ከሥራው ወጥቶ ወደ «እኔ ማን ነኝ» ሲዞር ጥቅሙ ይቀንሳል። አንተም ጋ የሆነው ይኸው ይመስለኛል። ደብተሩን ማስተካከል ይቻላል። «መጥፎ አባት» የሚለውን ግን ሰው ምን አድርጎ ያስተካክለዋል? ይጮኻል እንጂ።

ጥያቄህም ትልቅ ነበር። «ጥፋቴን ንገሪኝ» ስትላት የክስ መዝገብ ክፈቺ እንደማለት ነው። ጥያቄህን አሳንሰው። «ማታ ስገባ አንድ ነገር ብቻ ብቀይር የትኛው ቢሆን ይቀልልሻል?» በላት።

ከዚያ በፊት ግን የድሮውን አንሳው። እሁድ ከሰዓት ባጃጇን አቁምና ሦስታችሁ ፍቅር ሐይቅ ዳር ወጣ በሉ። ልጅቷ ፊት ፊት ስትሮጥ ጎን ለጎን እየተራመዳችሁ ማውራት ሳሎን ውስጥ ከመፋጠጥ በጣም ይቀላል። «ያን ቀን ጠይቄሽ መልሼ ጮህኩብሽ። ያልሽው ትክክል ነበር» በላት። እዚያው አቁም። «ግን እኔም ደክሞኝ ነበር» ብለህ ከጨመርክ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እንዳልተባለ ይቆጠራል። ድካምህ እውነት ነው፣ በሌላ ቀን ይነገራል።

እኔም የማማከር ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንዲት እናት «እኔ ሳወራ አንተ ትጽፋለህ፣ አታየኝም» ብላኝ ነበር። እንዳልረሳ ነው ብዬ አስረዳኋት። ትክክለኛ ምክንያት ነበር። እሷ ግን አንገቷን ነቀነቀችና ከዚያ በኋላ ስለ እኔ አንድም ቃል አልተናገረችም። ያ ቀን እስካሁን ይቆጨኛል። ያኔ ማለት የነበረብኝ «እውነትሽን ነው» ብቻ ነበር፤ ብዕሩንም ማስቀመጥ።

ባለቤትህ ወዲያው አትከፈትልህም። መጀመሪያ ትንሽ ነገር ትነግርሃለች፤ ጫማህን በር ላይ እንደምትተው፣ ወይም እራት ላይ ስልክ እንደምታነሳ። ያቺ ትንሽ ነገር ፈተና ናት። እንዴት እንደምትቀበላት ታይና ዋናውን ታመጣለች ወይም መልሳ ትይዘዋለች። ስለዚህ ስትነግርህ «እስቲ መቼ እንደሆነ አስታውሺኝ» በላት፣ የሰማኸውን በራስህ ቃል መልሰህ ንገራት፣ አመስግናት። ሁሉንም መቀበል የለብህም። የማይመስልህ ነገር ካለ አድረህ አስብበትና ነገ ተነጋገሩበት፣ ያን ሰዓት ግን አትከራከር።

ንዴቱ ከመጣብህስ? ይመጣል። ስለ ጥንዶች ለዓመታት ያጠናው ጆን ጎትማን ልብ በደቂቃ ከ100 ጊዜ በላይ ሲመታ ሰው መስማት እንደሚያቅተው፣ ሰውነት እስኪረጋጋም ቢያንስ 20 ደቂቃ እንደሚያስፈልገው ይናገራል። «ሰምቼሻለሁ፣ ትንሽ ተራምጄ ልምጣ» ብለህ ውጣ። ግን ተመለስ፣ ወሬውንም አንተው ጀምረው። ሳትመለስ ከቀረህ ያው ጩኸት ነው።

ልጅህን በተመለከተ እስከ እሁድ አትጠብቅ። ዛሬ ማታ ስትገባ ስልክህን ሌላ ክፍል አስቀምጥና አጠገቧ ቁጭ በል። ስለ 8ቱ አታንሳ፣ እናትሽ ለምን ደበቀችኝም አትበላት። «ሒሳብ ላይ የቱ ነው የሚከብድሽ?» ብለህ ጠይቃትና እሷ የጀመረችውን ተከተል። የፈተናውን ወረቀት ግን ራሷ እስክታመጣልህ ጠብቅ፤ ቦርሳዋን ከፍተህ እንዳታይ።