በዓሉ ይድመቅ፣ ቆሻሻው ይቀንስ

በዓል ሲቃረብ «ምን ልግዛ?» የሚሉ ጥያቄዎች ይበዙ ነበር። ዘንድሮ «የተረፈውን ምን ላድርገው?» የሚሉት በለጡ። በጣም ደስ ብሎኛል። አራቱን እነሆ።

«ሁልጊዜ ምግብ ይተርፈኛል፣ መጨረሻው መጣል ነው። እንግዳ ፊት ደግሞ ማነስ ያሳፍራል። ምን ይሻለኛል?»

ጭንቀትሽ ይገባኛል፣ እህቴ። ቢጎድልስ ብሎ የማይሰጋ ደጋሽ የለም። ግን ምግብ ስንጥል ያበቀለው ውሃ፣ ያጓጓዘው ነዳጅ፣ አንቺ የደከምሽው ድካም አብሮ ይጣላል። ቆሻሻ ሥር ታፍኖ ሲበሰብስ ደግሞ ሜቴን ያወጣል። ይህ ጋዝ በ20 ዓመት ውስጥ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 80 እጥፍ ገደማ ምድርን ያሞቃል። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እንዳወጣው፣ እ.አ.አ. በ2022 ብቻ 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ ባክኗል። 60 በመቶው ከየቤቱ የተጣለ ነው።

ስለዚህ ገበያ ከመውጣትሽ በፊት የሚመጣውን ሰው ቁጠሪ። ፍሪጁንም ክፈቺና ያለውን እዪ። ማቅረቢያው አነስ ያለ ይሁን፣ ሲጎድል ደጋግመሽ ሙዪው። እንግዳ የሚያየው ሳህኑን ነው፤ ጓዳ ያለውን ድስት ማንም አይለካውም። የተረፈውን በ2 ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ አስገቢ። ትልቁን ድስት እንዳለ አታስገቢው፤ ጠፍጣፋ በሆኑ ትንንሽ ዕቃዎች ከፋፍይው፣ ቶሎ ይቀዘቅዛል። በ3 ወይም በ4 ቀን ውስጥ ይበላ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ክዳን ያለው ዕቃ ቀድመሽ አዘጋጅተሽ፣ እንግዳው ሲወጣ ቋጥረሽ መስጠት ነው። ቅር የሚለው ሰው የለም።

«የስጦታ መጠቅለያ ወረቀት ተመልሶ ወረቀት ይሆናል?»

አንዳንዱ ይሆናል። ወረቀቱን በእጅህ ጨምድደህ ልቀቀው። እንደተጨማደደ ከቀረ ብዙ ጊዜ ንጹሕ ወረቀት ነው። ቀስ እያለ ከተዘረጋ ፕላስቲክ ወይም ብረት ነክ ሽፋን አለበት፣ አይሆንም። ብልጭልጭ የተነሰነሰበትንም ተወው። ያቺ ጣት ላይ ተጣብቃ የምትቀር ብናኝ በአብዛኛው ፕላስቲክ ናት፤ እጅህን ስትታጠብ ከውሃው ጋር ትሄዳለች። እኔ በጨርቅ መጠቅለል እወዳለሁ። ጨርቁ ራሱ የስጦታው አካል ይሆናል፣ ፕላስተርም አይፈልግም።

«ያረጁት የማስዋቢያ መብራቶቻችን ይሠራሉ። አዲስ መግዛት ብክነት አይሆንም?»

ሌላ ማስዋቢያ ቢሆን ያላችሁን ተጠቀሙ እላችሁ ነበር። መብራት ግን ይለያል። የድሮው አምፖል አብዛኛውን ኤሌክትሪክ ወደ ሙቀት ይቀይረዋል። ኤልኢዲ (LED) የሚባለው አዲሱ የአምፖል ዓይነት ግን ቢያንስ 75 በመቶ ያነሰ ኃይል ይወስዳል፣ ዕድሜውም ረጅም ነው። ለብዙ ሰዓት የምታበሩት ከሆነ ቀይሩት። ስትተኙም አጥፉት።

«30 እንግዳ ጠርቻለሁ፣ የሳህን ቁጥር አይበቃኝም። ‹ይበሰብሳል› የሚል የተጻፈበትን የሚጣል ሳህን ብገዛስ?»

ባይገዙ ይሻላል። ከእነዚህ ብዙዎቹ የሚበሰብሱት ከፍተኛ ሙቀት ባለው የብስባሽ ማምረቻ ውስጥ ነው። ከሌላው ቆሻሻ ጋር ከተጣሉ ለረጅም ጊዜ እንዳሉ ሊቆዩ ይችላሉ። ከዘመድና ከጎረቤት ይዋሱ። መልኩ ባይገጥም ምን ችግር አለ? ከየቤቱ የመጣውን ከሥሩ ትንሽ የጥፍር ቀለም ይንኩበት፤ ለአንዱ ቀይ፣ ለሌላው ሮዝ። በማግስቱ ታጥቦ ሲመለስ የማን እንደሆነ አያከራክርም።