ኦቨኑ ተቆልፎ ቀረ፣ ማጠቢያውም አልከፈት አለ፦ ስለ በር መቆለፊያዎች ጥያቄና መልስ

ዛሬ የምመልሰው በኤሌክትሪክ ስለሚቆለፉ የቤት ዕቃ በሮች ነው፤ በተለይ ራሱን የሚያጸዳ ኦቨን ላይ ስላለው ባለ ሞተር ቁልፍና ከፊት ስለሚከፈተው የልብስ ማጠቢያ ማሽን ቁልፍ። ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። በሩ አልከፈት ወይም አልቆለፍ ሲል ቁልፍ ለመግዛት አትሩጡ። ቁልፉ በራሱ የሚወስነው ነገር የለም። የሚያዘው የማሽኑ መቆጣጠሪያ ቦርድ ነው፤ ቦርዱ ደግሞ የሙቀት ሴንሰሩ፣ የውሃ መጠን መለኪያውና ትንንሾቹ ስዊቾች የሚነግሩትን ያምናል። ከእነሱ አንዱ ከዋሸ፣ አዲስ የገባውም ቁልፍ እንደ አሮጌው ዝም ይላል።

ጥያቄ (ከሜሪላንድ)፦ ማታ ኦቨኑ ራሱን እንዲያጸዳ አድርጌ ተኛሁ። ጠዋት ቀዝቅዟል፣ በሩ ግን እንደተቆለፈ ነው። በግድ ልሳበው?

መልስ፦ አይሳቡት። መንጠቆው ብረት ነው፤ ከእሱ በፊት የሚጣመመው የበሩ ማጠፊያ ነው፣ መስታወቱም ሊሰነጠቅ ይችላል።

መጀመሪያ የኦቨኑን ብሬከር (የኤሌክትሪክ መስመሩን ማጥፊያ) አጥፍተው አምስት ደቂቃ ይቆዩና ያብሩት። ብዙ ቦርዶች ኃይል ሲመለስላቸው ቁልፉ የት እንዳለ ይጠይቁና ሞተሩን ወደ "ክፍት" ይመልሱታል። ካልሆነ የራስ ማጽጃውን በተን እንደገና ይጫኑት፣ ሞተሩ ቆልፎ እስኪጨርስ አንድ ደቂቃ ይጠብቁ፣ ከዚያ ይሰርዙት። ሞተሩ ሙሉ ዙር ስለሚዞር ግማሽ መንገድ ላይ የቀረ ቁልፍ ብዙ ጊዜ በዚህ ይላቀቃል።

ይህም ካልሠራ የሙቀት ሴንሰሩን ጠርጥሩ። ቦርዱ ሙቀቱ ከ260 እስከ 315 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካለው መስመር በታች ሳይወርድ በሩን አይለቅም፤ መስመሩ እንደ ሞዴሉ ይለያያል። አሜሪካ ውስጥ በሚሸጡ ኦቨኖች ላይ ያለው የተለመደ ሴንሰር ኦቨኑ ቀዝቅዞ በክፍል ሙቀት ላይ ሲሆን ከ1080 እስከ 1100 ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ) ገደማ ያነባል። በ260 ዲግሪ ደግሞ ወደ 2000 ኦም ይጠጋል። ስለዚህ ቀዝቃዛ ኦቨን ላይ 2000 ካነበባችሁ፣ ቦርዱ ምድጃው ገና እየነደደ ነው ብሎ እየጠበቀ ነው። በሩ ስለተቆለፈ ሴንሰሩ ከውስጥ አይደረስበትም፤ ብሬከሩን አጥፍታችሁ የጀርባውን ቆርቆሮ ፈትታችሁ፣ የሴንሰሩን ሶኬት ነቅላችሁ በቴስተር ለኩት።

ጥያቄ፦ ሞተሩ ይሠራል አይሠራም የሚለውን ሳልፈታው እንዴት ልወቅ?

መልስ፦ በጆሮ። ቤቱን ጸጥ አድርገህ ማጽጃውን ጫንና አዳምጥ። በመጀመሪያ ግን አሠራሩን በዓይነ ኅሊናህ ሳለው፦ ከሞተሩ ዘንግ ላይ ካም የሚባል ከሳንቲም ተለቅ ያለ ክብ አለ። ካሙ ሲዞር ረጅም ዘንግ ይገፋል፣ ዘንጉ ፊት ለፊት ያለውን መንጠቆ ወደ በሩ ቀዳዳ ያስገባዋል። ከካሙ ጎን አንድ ወይም ሁለት ማይክሮስዊች (ትንንሽ ስዊቾች) ተደግፈዋል። የካሙ ጉብታ የስዊቹን ምላስ ሲያነሳው "ጠቅ" ይላል፤ ቦርዱ ያን ጊዜ "ደረሰ" ብሎ ሞተሩን ያቆመዋል።

ምንም ድምፅ ከሌለ ሞተሩ ኃይል አላገኘም ወይም ተቃጥሏል። በአንዳንድ ሞዴሎች በሩ መዘጋቱን የሚናገር የተለየ ስዊች አለ። እሱ ካልተጫነ ቦርዱ ሞተሩን አያዘውም፤ ስለዚህ በሩን በጉልበትህ ገፋ አድርገህ ያዝና እንደገና ሞክር። በዚህ ከሠራ ችግሩ የወረደ ማጠፊያ ወይም የደረቀ የበር ጎማ ነው። ካልሠራ ብሬከሩን አጥፍተህ የሞተሩን ሁለት ጫፍ ለካ፤ የ120 ቮልት ሞተር ብዙውን ጊዜ ከ500 እስከ 3000 ኦም ያነባል። ቴስተሩ ምንም ካላነበበ ሽቦው ውስጥ ለውስጥ ተበጥሷል።

"እምምም" ብሎ የማይንቀሳቀስ ከሆነ ሞተሩ ደኅና ነው፣ የያዘው ነገር አለ ማለት ነው። የተጋገረ ቅባት፣ የተጣመመ ዘንግ፣ ወይም ቀዳዳውን ስቶ የበሩን ጠርዝ የሚገፋ መንጠቆ ሊሆን ይችላል። ሞተሩን ከያዙት ሁለት ብሎኖች ፈትተህ ለይና ካሙን በእጅህ አዙር። ሞተሩ እንደታሰረ ለማዞር አትታገል፤ ውስጡ ያሉት ጥቃቅን ጥርሶች ይሰበራሉ።

ሦስተኛው በጣም የሚያሳስተው ነው። ሞተሩ ይዞራል፣ መንጠቆው ይገባል፣ ይወጣል፣ እንደገና ይገባል፣ መጨረሻ ላይ የስሕተት ኮድ ይመጣል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሞተር ይገዛል። ሞተሩ ግን ከሚጠበቅበት በላይ እየሠራ ነው፤ "ደረሰ" የሚለው ስዊች ነው የሞተው። ስዊቹን በቴስተር ያዝና ምላሱን በጣትህ ጫን፤ ሲጫን ዜሮ አካባቢ፣ ሲለቀቅ ክፍት መሆን አለበት፤ በአንዳንዱ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው። ሃያ ጊዜ ጫንና ልቀቀው፤ ከሃያው አንዴ ቢስት እንኳ ቀይረው።

ጥያቄ፦ ዘይት ቢነካውስ? ቤት ውስጥ የሚረጭ ማለስለሻ አለኝ።

መልስ፦ ኦቨን ላይ አይሆንም። ያ ዘይት በማጽጃው ሙቀት ይጨሳል፣ ከዚያ ደርቆ ሙጫ ይሆናል። ብረቱን በቅባት ማስለቀቂያ በራሰ ጨርቅ ማጽዳት ብዙውን ጊዜ ይበቃል። የግድ ከሆነ ደረቅ ግራፋይት ይጠቀሙ።

ጥያቄ፦ ኤፍ9 እና ኤፍ90 የሚሉት ኮዶች አንድ ናቸው?

መልስ፦ የተለያዩ ብራንዶች ናቸው፣ የሚያመለክቱት ግን ወደ አንድ ሰፈር ነው። ጂኢ ኦቨን ላይ ኤፍ9 የበር መቆለፊያው ነው። ፍሪጂዴር ላይ ኤፍ90 የበር ሞተሩና መስመሩ ነው። ማጠቢያ ላይ ከመጣን ኤልጂ "ዲኢ" ይላል፤ ሳምሰንግ በቀድሞዎቹ "ዲኢ"፣ በአዳዲሶቹ "ዲሲ"። ኮዱ የትኛው ክፍል እንደተበላሸ አይናገርም፤ ቦርዱ የጠበቀው መልስ እንዳልመጣለት ብቻ ነው የሚናገረው።

ጥያቄ (ከዳላስ)፦ ድፎ ዳቦ ውስጥ እያለ በስሕተት ማጽጃው ቢጫንስ?

መልስ፦ ወዲያው ይሰርዙት፣ እህቴ። በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ደቂቃዎች ከደረሱ ሙቀቱ ከመስመሩ ስላላለፈ ሞተሩ ዞሮ ይከፍታል። ካለፈ በሩ እስኪቀዘቅዝ አይከፈትም፤ ዳቦው አይተርፍም። ጭስ ቢበዛም ብሬከሩን አያጥፉ፤ ኃይል ከሌለ ማቀዝቀዣው ፋን ይቆማል፣ ሞተሩም ለመክፈት አይችልም። መስኮት ይክፈቱ፣ ይጠብቁ።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ ዘመድ ከአሜሪካ ኦቨን በኮንቴይነር ልኮልናል። ኤሌክትሪሺያኑ አያይዞት ይጋግራል፣ የበሩ ቁልፍ ግን በመጀመሪያው ቀን ሸተተና ሞተ። ለምን?

መልስ፦ የአሜሪካ ኦቨን በሁለት ቮልቴጅ ነው የሚሠራው። የሚግሙት ሽቦዎች በ240 ቮልት፣ መብራቱና በብዙ ሞዴሎች የቁልፉ ሞተር ደግሞ በ120 ቮልት። እዚያ አገር ቤት ውስጥ የሚገባው መስመር ሁለት ባለ 120 ገመዶችና መሐል ላይ ያለ ኒውትራል (የመመለሻ ገመድ) ነው። የእኛ መስመር ግን አንድ የ220 ገመድና ኒውትራል ነው። ባለሙያው የኦቨኑን ኒውትራል ከቤቱ ኒውትራል ካገናኘው፣ ማሞቂያው በደንብ ይሠራል፤ 120 የሚፈልገው ሞተር ግን 220 ይወርድበታል። ኃይሉ ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። የሸተተው እሱ ነው።

መፍትሔው ለ120 ቮልቱ ክፍል ብቻ ቮልቴጅ የሚቀንስ ትራንስፎርመር ማስገባት ነው። ይህንም ካደረጉ በኋላ የሚቀር ነገር አለ፤ የእኛ መስመር 50 ኸርዝ (በሰከንድ የሚደጋገምበት ብዛት)፣ የእነሱ 60 ኸርዝ ነው። የቁልፉ ሞተር ፍጥነቱን ከኸርዙ ስለሚወስድ እዚህ በስድስተኛ እጅ ይዘገያል። ቦርዱ ጊዜ የሚቆጥር ከሆነ "ዘገየ" ብሎ ኮድ ሊያወጣ ይችላል። በእኔ እምነት እዚህ አገር ራስ ማጽጃውን ትቶ በእጅ መፋቁ ይሻላል።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ መብራት ሲጠፋ ማጠቢያችን ልብሱንም ውሃውንም ይዞ ይቆለፋል። እንዴት ይከፈታል?

መልስ፦ የትኛው ዓይነት ቁልፍ እንዳለዎት ይለያያል። ብዙዎቹ በሙቀት የሚሠሩ ናቸው። በውስጣቸው ክኒን የምታህል ፒቲሲ የሚሏት ማሞቂያ አለች፤ ኤሌክትሪክ ሲመጣላት ትሞቅና ከሁለት ብረት የተጣበቀ ስስ ምላስ ታጎብጣለች፣ በሩም ይያዛል። ለዚህ ነው ማሽኑን ሲያስነሱት ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ "ጠቅ" የሚለው፤ ሲጠፋም ምላሱ እስኪቀዘቅዝ ከአንድ እስከ ሦስት ደቂቃ የሚቆየው። ይህ ዓይነት መብራት ቢጠፋም ራሱን ይለቃል። ሁለተኛው ዓይነት በሽቦ መጠምጠሚያ (ኮይል) በሚላክ አጭር የኤሌክትሪክ ምት የሚቆለፍ ነው፤ ወዲያው ይቆለፋል፣ ግን ለመክፈትም ሌላ ምት ይፈልጋል፤ መብራት ከሌለ እንደተቆለፈ ይቀራል።

ለሁለቱም መጀመሪያ ሶኬቱን ይንቀሉ፣ ውሃው ትኩስ ከሆነ ይጠብቁ። ከታች በስተቀኝ ያለችውን ትንሽ ክዳን ይክፈቱ። ቀጭን ቱቦ ካለ ቡሽዋን ነቅለው በሰፊ ሳህን እየቀዱ ያፍስሱ፤ ከሌለ ማጣሪያውን ሩብ ዙር እየፈቱ ቀስ በቀስ ያፍስሱ። ውሃ እያለ በሩን መክፈት ሳሎኑን ማጠብ ነው። በብዙ ማሽኖች እዚያው ማጣሪያው አጠገብ የምትጎተት የድንገተኛ መክፈቻ አለች፤ ወደ ታች እየጎተቱ በሩን ይሳቡ።

መክፈቻዋ ከሌለ የላይኛውን ክዳን ከኋላ የያዙትን ብሎኖች ፈትተው ያንሱ፣ ማሽኑን ሰው ይዞት ወደ ኋላ ያዘንብሉና በድራሙና በፊተኛው ቆርቆሮ መካከል እጅዎን አስገብተው የቁልፉን ምላስ በጣት ይግፉት። የቆርቆሮው ጠርዝ ስለሚቆርጥ ጓንት ያድርጉ።

መብራት እያለም ካልከፈተ ደግሞ በመጀመሪያ የሚታየው ማጣሪያው ነው። ሳንቲም፣ የፀጉር መርፌ ወይም የሕፃን ካልሲ ፓምፑን ይዘጋል፣ ውሃው አይወጣም፣ ቦርዱም ውሃ ስላለ አይከፍትም።

ጥያቄ፦ የልብስ ማጠቢያችን ጠዋት ይሠራል፣ ምሽት ላይ ግን የበር ስሕተት ያወጣል። ቁልፉን ቀይረነዋል፤ ያው ነው።

መልስ፦ ምሽት ላይ ሶኬቱን በቴስተር ለኩት። ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ የሚጥድበት ሰዓት ከሆነ ቮልቴጁ ይወርዳል። ለ220 ቮልት 10 በመቶ ዝቅ ማለት 198 ነው፤ ከዚያ በታች ከሆነ ያቺ ፒቲሲ ቶሎ አትሞቅም፣ ምላሱ ሳይጎብጥ የቦርዱ ትዕግሥት ያልቃል። ስታቢላይዘር ከገዛችሁ ማሽኑ ውሃ የሚያሞቅበት ሽቦ ብቻውን ወደ 2000 ዋት እንደሚስብ አስታውሱ፤ ለፍሪጅ የተሠራች ትንሽ ስታቢላይዘር አትችለውም፣ 5 ኪሎ ቮልት አምፔር ውሰዱ።

ጥያቄ፦ የማጠቢያውን ቁልፍ ራሴ ልቀይር እችላለሁ?

መልስ፦ ትችላለህ፣ ግማሽ ሰዓት ነው። ሶኬቱን ንቀል። በሩን ከፍተህ የጎማውን ውጫዊ ማሰሪያ ሽቦ ፈልግ፤ ታች ላይ ስፕሪንግ አለው፣ በጠፍጣፋ ካቻቢቴ አንሳው። በቁልፉ በኩል ጎማውን ከጠርዙ አላቅቀው። ቁልፉን የያዙትን ሁለት ወይም ሦስት ብሎኖች ፍታና እጅህን ከጎማው ኋላ አስገብተህ አውጣው። ቁልፉ ላይ የተሰካውን የሽቦ ሶኬት ከመንቀልህ በፊት ፎቶ አንሣ።

ገበያ ስትሄድ አሮጌውን ይዘህ ሂድ። ቅርጻቸው አንድ ሆኖ ሽቦ የሚሰካባቸው እግሮቹ ቅደም ተከተል የሚለያይ ቁልፎች አሉ፤ በተሳሳተው ላይ ኃይል ሲገባ ቦርዱ ይቃጠላል። ላዩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አስተያይ። ስትመልሰው የሚያስቸግረው ማሰሪያው ነው፤ ከላይ ጀምረህ ወደ ታች አውርደው፣ ስፕሪንጉን መጨረሻ ላይ ሳብ። ከዚያ ባዶውን አንድ ጊዜ አለቅልቀህ ከሥር ውሃ መኖሩን እይ።

ጥያቄ፦ ሠራተኛው ቁልፉን ትቶ ሁለቱን ሽቦ ቀጥታ አገናኘልኝ። ይሠራል። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው፣ ዛሬውኑ አስፈቱት። የማጠቢያ ድራም በደቂቃ 1000 እስከ 1400 ጊዜ ይዞራል፤ ልጅ በሩን ቢከፍት ማሽኑ አያውቅም። ኦቨን ላይ ከሆነ ደግሞ ይብሳል፦ ራስ ማጽጃው ወደ 480 ዲግሪ ይደርሳል፣ በዚያ ሙቀት በሩ ሲከፈት በቅባቱ ላይ አየር ይገባና እሳት ፊት ላይ ይወጣል።

ጥያቄ (ከስቶክሆልም)፦ የዕቃ ማጠቢያው ሲጨርስ በሩን ራሱ ገርበብ ያደርጋል። ተበላሽቷል?

መልስ፦ ማድረቂያው ነው። ኤሌክትሮሉክስ ላይ ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ይከፍታል፣ እንፋሎቱ እንዲወጣ። የሚገፋው ዘንግ ሳይመለስ በሩን በጉልበት አይዝጉት፤ ካልፈለጉት ከሴቲንግ ማጥፋት ይቻላል።

ጥያቄ፦ ኤልጂ ማጠቢያ ላይ "ሲኤል" ይላል፣ ምንም በተን ብጫን አይሰማም። የበሩ ቁልፍ ነው?

መልስ፦ የልጆች መቆለፊያው ነው። የቁልፍ ወይም የሕፃን ሥዕል ያለበትን በተን ሦስት ሰከንድ ተጭነው ይያዙት።