በቤዝቦል መዝገብ ላይ «6-3» ምን ማለት ነው?

ጥያቄ፦ የምንኖረው በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ልጄ በሠፈሩ የቤዝቦል ቡድን በሾርትስቶፕ ቦታ ይጫወታል፤ ይኸውም በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ (ሯጮች በሚረግጧቸው ማረፊያዎች) መካከል የሚቆም ተከላካይ ነው። ባለፈው ጨዋታ መሬት ለመሬት የመጣ ኳስ አንሥቶ ወደ አንደኛው ቤዝ በመወርወር መቺውን አስወጣ፤ መዝገቡ ላይ የሰፈረው ግን «6-3» ብቻ ሲሆን፣ ማስወጣቱም የተቆጠረው ኳሱን ለተቀበለው ልጅ ነው። በሁለት ልጆች መካከል የወደቀ ኳስ ደግሞ በማንም ላይ ስህተት ሆኖ አልተያዘም። አመዘጋገቡ እንዴት ነው?

መልስ፦ ቁጥሮቹ የማሊያ ሳይሆኑ የቦታ መለያዎች ናቸው፤ 1 ወርዋሪው፣ 2 ከመቺው ጀርባ የሚቀመጠው ካቸር፣ ከ3 እስከ 5 የሦስቱ ቤዞች ጠባቂዎች፣ 6 ሾርትስቶፑ፣ ከ7 እስከ 9 ደግሞ ከግራ ወደ ቀኝ የውጭው ሜዳ ተከላካዮች ናቸው። ስለዚህ «6-3» የልጅዎን ሥራ በሚገባ ይናገራል፤ ለተቀበለው ልጅ «ፑትአውት» ሲመዘገብ፣ ለወረወረው ለልጅዎ «አሲስት» ተይዞለታል።

ለአንድ አውት (አንድ መቺ ወይም ሯጭ ሲወጣ) አሲስት ላይኖር ወይም ከአንድ በላይ ሊኖር ይችላል፤ ፑትአውት ግን ምንጊዜም አንድ ብቻ ነው። በየዙሩ ሦስት አውት ስለሚያስፈልግም፣ ዘጠኝ ዙር ሙሉ የተከላከለ ቡድን ፑትአውቶች ተደምረው 27 ካልሆኑ መዝጋቢው አንድ ቦታ ተሳስቷል። መቺው በሦስት ስትራይክ (በእርሱ ላይ በሚቆጠሩ ውርወራዎች) ሲወጣ እንኳ ፑትአውቱ የካቸሩ መሆኑ ለጨዋታው እንግዳ የሆነን ሰው ግር ማሰኘቱ አይቀርም። የሾርትስቶፕን ድካም ይበልጥ የሚያሳየው አሲስት ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1978 እስከ 1996 የተጫወተው ኦዚ ስሚዝ በዚህ ቦታ ያስመዘገበው 8,375 አሲስት የሜጀር ሊግ (የአሜሪካ ከፍተኛው የቤዝቦል ሊግ) ክብረ ወሰን ነው።

ስህተትን የሚወስነው መዝጋቢው ሲሆን፣ መለኪያው ኳሱ በተለመደ ጥረት ሊያዝ ይችል ነበር ወይ የሚል ነው። መዘናጋትና አለመግባባት በዚህ አይካተቱም፤ ሁለቱ «አንተ ያዘው» ሲባባሉ መሬት የነካ ኳስ አብዛኛውን ጊዜ ለመቺው «ሂት» (በራሱ ምት ቤዝ እንደደረሰ የሚቆጠርለት) ይሆናል።

እኔን ቅር የሚያሰኘኝ የመከላከል ምጣኔ የሚባለው ስሌት ነው፤ ፑትአውትና አሲስት ተደምረው፣ ስህተት ለተጨመረበት ድምር ይካፈላሉ። 90 ጊዜ ተሳክቶለት 10 ጊዜ የሳተ ፈጣን ልጅ 0.900 ሲያገኝ፣ ራቅ ወዳለ ኳስ የማይሮጥና 57 ጊዜ ተሳክቶለት 3 ጊዜ ብቻ የሳተው 0.950 ያገኛል፤ ያልደረሰበት ኳስ አይቆጠርበትምና። ቢል ጄምስ የተባለው የቤዝቦል ጸሐፊ ስህተትን ትቶ የፑትአውትንና የአሲስትን ድምር ለተጫወተበት ጨዋታ ያካፈለው ለዚህ ነው። በሜጀር ሊግ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በሁሉም ስታዲየሞች የተተከለው ስታትካስት የተባለ የእንቅስቃሴ መከታተያ ሥርዓት ደግሞ ተጫዋቹ ምን ያህል ርቀት እንደሮጠ ጭምር ይለካል። በሠፈር ሜዳ ይህ ስለሌለ፣ መዝጋቢው የአሲስቱን ዓምድ እንዲያሳይዎ ይጠይቁ።