የልቦለዶቼን ሽፋን ልቀይር ወይስ ልተወው?

ጥያቄ፦ አሰላሙ አለይኩም፣ ሰላም ለናንተ። ደሴ ነው ምኖረው፣ አስተማሪ ነኝ። በራሴ ወጪ ያሳተምኳቸው ሦስት ተከታታይ ልቦለዶች አሉኝ፣ ታሪኩ ከጅቡቲ ጭኖ ሲመጣ ሐረጎ ዳገት ላይ ስለጠፋ ሹፌርና እሱን ስለምትፈልገው እህቱ ነው። አሁን አራተኛውን ጨርሻለሁ። የመጀመሪያው ሽፋን ጉም የለበሰ የጦሳ ተራራ ፎቶ ነው፣ ሁለተኛው ከኢንተርኔት የተገኘ የምታለቅስ ሴት ፊት፣ ሦስተኛውን አንድ ሰዓሊ ልጅ በሥዕል ሠራልኝ፣ ሌሊት ነው፣ መኪናው መብራቱ በርቶ ጠመዝማዛው ላይ ብቻውን ቆሟል። አንድ ዲዛይነር "አራቱንም ከዜሮ እንሥራው" አለኝ፣ ባለቤቴ ደግሞ ያለውን ሳትሸጪ ምን አስቸኮለሽ ይለኛል። ከመጀመሪያው 200 ገደማ ቤት ተቀምጧል፣ ከሁለተኛው ጥቂት ነው የቀረው። ምን ትሉኛላችሁ?
ከቧንቧ ውሃ፣ ደሴ

መልስ፦ ወአለይኩም ሰላም እህቴ፣ አራተኛውን ስለጨረስሽ በጣም ደስ ብሎናል። በኛ በኩል መልሱ አራቱንም ከዜሮ አትሥሪ ነው፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ቀይሪ፣ የሦስተኛውን ሥዕል ግን እንዳትነኪው፣ አራተኛውም እሱን ይከተል።

ለምን መሰለሽ፣ የጦሳን ፎቶ ያየ ሰው የወሎ ታሪክ ነው ሚመስለው፣ መጽሐፍ ሻጩም ወስዶ ታሪክ መደርደሪያ ላይ ነው ሚሰካልሽ፣ ልብ አንጠልጣይ ፈልጎ የመጣው ሰው ደግሞ እዛ ጋ ዞርም አይልም። ጦሳን ማን ይጠላል፣ ግን ሽፋን ውስጡ ምን ዓይነት ታሪክ እንዳለ ካልተናገረ ሥራውን አልሠራም። የምታለቅሰዋ ሴትም ያው ናት፣ የፍቅር ታሪክ ብሎ የገዛሽ አንባቢ የጠበቀውን ሲያጣ ጥፋቱን ሽፋኑ ላይ አይጥልም፣ ጸሐፊዋ ላይ ነው ሚጥለው። በዛ ላይ የሰው ፎቶ ያለፈቃድ ወስዶ ሽፋን ማድረግ በአዋጅ 410/1996 የቅጂ መብት ጥያቄ ሊያስነሳብሽ ይችላል፣ እሱ ብቻውን እንኳን ለመቀየር በቂ ምክንያት ነው።

ሦስተኛው ሌላ ነው። ገና ሳይገለጥ መኪናውን ምን አገኘው ያስብላል። ደግሞ እስከ ሦስተኛው ድረስ የተከተሉሽ አንባቢዎች አሉ፣ እነዚህ አራተኛውን ሲገዙ ከሦስተኛው ጎን ማስቀመጥ ይፈልጋሉ፣ ሁሉንም ካፈረስሽው እነሱን ነው ምታስከፊው። ስለዚህ ያንኑ ሰዓሊ ያዢው።

ዲዛይነሩ ፊት ለፊቱ ላይ ብቻ እንዳይጨነቅ ንገሪው። ፒያሳ ላይ አዟሪ ክንዱ ላይ ከምሮ ሲያልፍ አይተሻል፣ ከላይኛው መጽሐፍ በስተቀር የሌሎቹ ሽፋን አይታይም፣ ሚታየው ቀጭኑ ጎን ነው። እዛ ላይ ርዕሱ፣ ስምሽና ስንተኛ መጽሐፍ እንደሆነ ቁጥሩ በአራቱም ላይ እኩል ቦታ ይግባ። ቴሌግራም ላይ ደግሞ ሽፋኑ የአውራ ጣት ጥፍር ታክላለች፣ ጌጥ የበዛበት ፎንት ከሆነ ለ እና ሰ እንኳን አይለዩም፣ ስለዚህ ከመጽደቁ በፊት በስልክሽ አሳንሰሽ እዪው።

ወጪውን በተመለከተ ባለቤትሽ ትክክል ነው፣ አሁን አትቸኩዪ። ሽፋን ከውስጡ ገጽ ተለይቶ ወፍራም ወረቀት ላይ ስለሚታተም፣ አራተኛው ማተሚያ ቤት ሲገባ የአንደኛውንና የሁለተኛውንም ሽፋን በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ አብሮ ማሳተም ይቻላል፣ የፕሌቱም (የማተሚያ ሰሌዳው) ወጪ ይጋራል። ቤት ያለውን 200 ግን ሽፋኑን ገንጥለሽ ሌላ ላስለጥፍ እንዳትይ፣ እንደገና ሲከረከም መጽሐፉ ያንሳል፣ ጽሑፉም ጠርዝ ይጠጋል። ወይ ከላይ በሚደረብ የወረቀት ጃኬት ሸፍኚው፣ ወይ በቅናሽ ሽጪውና ሲያልቅ አዲሱን ሽፋን ለድጋሚ ዕትሙ አውጪው። ያኔም ርዕሱን አትቀይሪ፣ የኅትመት ታሪኩን በግልጽ ጻፊ፣ አዲስ መጽሐፍ መስሎት አንዱን ሁለቴ የገዛ አንባቢ አይረሳሽም። ሽፋን ስለተቀየረ ብቻ ደግሞ አዲስ አይኤስቢኤን (የመጽሐፍ መለያ ቁጥር) አያስፈልግሽም።

የሌሊት ሥዕል ስለሆነ አንድ ነገር ተጠንቀቂ። ስክሪን ላይ ደምቆ ሚታየው ጥልቅ ሰማያዊ ኅትመት ላይ ይደበዝዛል፣ ጨለማው ውስጥ ያለችው መስመርም ትጠፋለች፣ ስለዚህ ሙሉውን ከማሳተምሽ በፊት ናሙና ጠይቂ፣ ሦስተኛውንም መጽሐፍ ይዘሽ ሂጂና ከሱ ጋር አስተያይው። ከሰዓሊውና ከዲዛይነሩ ጋርም በጽሑፍ ተዋዋዪ፣ ሥዕሉን ለድጋሚ ዕትምም ለፖስተርም መጠቀም እንደምትችዪ ይግባበት፣ ኦርጅናል ፋይሉንም ተቀበዪ፣ ፒዲኤፍ ብቻ ይዘሽ ከቀረሽ ነገ አንዲት ፊደል ለማረም እሱኑ መለመን ነው። የጎኑ ስፋት ደግሞ በገጽ ብዛትና በወረቀቱ ውፍረት ስለሚወሰን፣ የአራተኛው ገጽ ብዛት ቁርጥ ሳይሆን ሽፋኑን ጨርስልኝ አትበይው።