«ልጅሽ ኢሚዩኒቲ የለውም አሉኝ»፦ የሕጻናት ሐኪሟ ለአንባቢዎች ጥያቄ የሰጠችው መልስ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ልጄ ሦስት ዓመት ከአራት ወሩ ነው። መስከረም ላይ ኬጂ ካስገባሁት ወዲህ እረፍት የለኝም። አንዱ ጉንፋን ሳይለቀው ሌላው ይይዘዋል። ሦስት ጊዜ አሞክሳሲሊን ጨርሷል። ጎረቤቴ «ልጅሽ ኢሚዩኒቲ የለውም» ብላ የቫይታሚን ሽሮፕ አስገዛችኝ። አክስቴ ደግሞ እንጥሉ ይቆረጥ ትላለች። ምን ይሻለኛል?
*እናት፣ ከአራት ኪሎ*

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉ በፊት እንጥሉን እንዳታስነኪው። እንጥል መቁረጥ ጉንፋንን አያስቀርም። ደም ሲፈስ የማይቆምላቸው፣ ቁስሉ አመርቅዞ ወደ ደም የሚገባባቸው ልጆች ግን አሉ። አክስትሽ የምትለው ለልጁ አስባ ነው፣ አውቃለሁ። አንቺ ግን እምቢ በይ።

ወደ ጉንፋኑ ልምጣ። ጤነኛ የሆነ ትንሽ ልጅ በዓመት ከ6 እስከ 8 ጊዜ ጉንፋን ሊይዘው ይችላል። ኬጂ በገባበት የመጀመሪያ ዓመት ደግሞ 10 እና 12 ሊደርስ ይችላል። የእያንዳንዱ ሳል ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። ስታሰላስዪው ልጁ የዓመቱን ግማሽ ሲያስል ከረመ ማለት ነው። ሰውነቱ ከማያውቃቸው ቫይረሶች ጋር እየተዋወቀ ነው። አሞክሳሲሊን ቫይረስ አይገድልም። ስለዚህ ሦስቱንም ጊዜ የተሻለው በመድኃኒቱ ሳይሆን በራሱ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም። ቫይታሚኑንም በደንብ ለሚበላ ልጅ ገንዘብሽን አታባክኚበት። በዚያ ብር እንቁላል ግዢለት።

እኔ እሱን አግኝቼ ብመረምረው የምጠይቅሽ ሌላ ነገር ነው። በሁለቱ ጉንፋን መሀል ይጫወታል? ይበላል? ኪሎው ይጨምራል? መልስሽ አዎ ከሆነ እፎይ በዪ። ዓመት ሳይሞላ ሁለት ጊዜ የሳንባ ምች ከያዘው፣ ሁለት ወር ሙሉ አንቲባዮቲክ ወስዶ ካልተሻለው፣ ጥልቅ መግል እየቋጠረ ካስቸገረው፣ የአፉ ነጭ ፈንገስ አልለቅ ካለው ወይም ዕድገቱ ከቆመ ግን የመከላከል አቅሙ መመርመር አለበት። በቤተሰብ ውስጥ በጨቅላነታቸው የሞቱ ልጆች ካሉም እንደዚያው። በዓለም ላይ የልጅን መከላከያ ከሁሉ በላይ የሚያዳክመው የምግብ እጥረት መሆኑንም አትርሺ። ከዘር የሚመጣውን ከመጠርጠራችን በፊት ክብደቱን የምንመዝነው፣ ኤችአይቪም የምንመረምረው ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ወዳለው ክሊኒካችን አንዲት እናት ፌስታል ሙሉ ወረቀት ይዛ መጣች። ልጇ ደጋግሞ የሳንባ ምች ይዞታል፤ «ኢሚዩኒቲው ነው» ተብላለች። ራጆቹን አወጣሁና መስኮቱ ላይ በተርታ አስደገፍኳቸው። ነጩ ጥላ ሁሉም ላይ እዚያው ነው፤ የቀኝ ሳንባ ታችኛው ጥግ። እያንዳንዱ ሐኪም ያየው የራሱን አንድ ራጅ ብቻ ነበር። የመከላከያ ችግር ቦታ አይመርጥም። ዛሬ ሳንባ፣ ነገ ጆሮ፣ ከነገ ወዲያ ቆዳ ይላል። እየተመላለሰ አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚያርፍ በሽታ ግን እዚያ ቦታ የተቀመጠ ነገር አለ ማለት ነው። እናቲቱን «ትን ብሎት ያውቃል?» አልኳት። ቆሎ ሲበላ አንዴ ትን ብሎት ነበር። በመጨረሻ ከሳንባው ቱቦ የወጣው ግማሽ ሽንብራ ነው። የልጁ ኢሚዩኒቲ ምንም ችግር አልነበረበትም።

አንቺም ወረቀት አትጣዪ። ራጁን፣ የላብራቶሪውን፣ የመድኃኒት ማዘዣውን፣ የክትባት ካርዱን በቀን አስይዘሽ አንድ ላይ አኑሪ። ሐኪም የሚያየው የዛሬውን ልጅ ብቻ ነው። ታሪኩን የምትይዢው አንቺ ነሽ።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያ ልጃችን ወንድ ነበር። እስከ ሁለት ወሩ ደህና ነበር። ከዚያ ተቅማጥ፣ ሳል፣ የአፉ ነጭ ነገር አልለቅ አለው። ክንዱ ላይ የተወጋው ክትባት መግል ያዘ፣ ብብቱም አበጠ። አምስት ወር ሳይሞላው አጣነው። የባለቤቴ ወንድምም በሕፃንነቱ ነው የሞተው። ዘመድ «ሾተላይ ነው» ይላል። የባለቤቴ የኤችአይቪ ምርመራ ነፃ ነው። አሁን ሰባት ወር እርጉዝ ናት። እንደ ባለፈው እንዳይሆንብን ምን እናድርግ?
*አባት፣ ከልደታ*

መልስ፦ ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ደብዳቤህን ደጋግሜ ነው ያነበብኩት፤ ጥያቄህን በሰዓቱ ነው ያመጣኸው።

ሾተላይ የሚባለውን እንለይ። የእናትና የጽንስ ደም ሳይስማማ ሲቀር የሚመጣው ጉዳት ልጁን የሚያገኘው በማህፀን ወይም በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። ቢጫ ይሆናል፣ ደም ያንሰዋል። የባለቤትህ የደም ዓይነት ይታይ፤ መታየትም አለበት። ያንተ ልጅ ግን ሁለት ወር ደህና ሆኖ ነው የታመመው። የነገርከኝ ታሪክ የሚያስጠረጥረኝ ሌላ ነገር ነው፤ ከዘር የሚመጣ ከባድ የመከላከያ ጉድለት። በዚህ በሽታ የሚወለድ ልጅ ቲ ሴል የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት የሉትም ወይም አይሠሩም። አንደኛው ዓይነት በኤክስ ክሮሞዞም ይተላለፋል። እናት ምንም ሳትታመም ትሸከመዋለች፤ ወንድ ልጇ ላይ ይወጣል። የአጎትየው መሞት ጆሮዬን ያቆመው ለዚህ ነው። ባለቤትህ ተሸካሚ ከሆነች እያንዳንዱ ወንድ ልጅ የመታመም ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ሴት ከሆነች ብትሸከምም አትታመምም። ይህ ነው ብዬ በደብዳቤ አልወስንም። ተጠርጥሮ ሳይመረመር መቅረት ግን የለበትም።

የባለቤትህ ጥፋት አይደለም። ይህን ለዘመዶችህ አንተው ንገራቸው፤ ከአንተ አፍ ሲሰሙት ይቀበሉታል።

አሁን የምታደርጉት። ነገ ዛሬ ሳትሉ የእርግዝና ክትትል የምታደርግበት ቦታ ሄዳችሁ ይህንኑ ታሪክ ንገሯቸው፤ ካርዷ ላይም ይጻፍ። ልጁ ሲወለድ የሕጻናት ሐኪም እስኪያየው ቢሲጂ፣ ማለትም ክንድ ላይ የሚወጋው የቲቢ ክትባት፣ ይቆይ። ቢሲጂ የተዳከመ ግን ሕይወት ያለው ባክቴሪያ ነው። ጤነኛ ልጅ ክንድ ላይ ትንሽ ጠባሳ ትቶ ያልፋል፤ ቲ ሴል የሌለው ልጅ ላይ ግን በመላ ሰውነቱ ሊሰራጭ ይችላል። የመጀመሪያ ልጃችሁ ክንድና ብብት ላይ የሆነው ያንን ይመስላል። የፖሊዮ ጠብታና የሮታ ክትባትም ሕይወት ያላቸው ስለሆኑ ይጠብቁ።

ሌላችሁ አንባቢዎች ይህን አይታችሁ ክትባት እንዳታስቀሩ፣ አደራ። ቢሲጂ ሕፃናትን ከቲቢ ማጅራት ገትር የሚከላከል ክትባት ነው። እኔ የምናገረው እንዲህ ያለ የሞት ታሪክ ላለው ቤት ብቻ ነው።

ልጁ እንደተወለደ ሲቢሲ የሚባለው የደም ሕዋሳት ቆጠራ ይሠራለት። ርካሽ ነው፤ የትም አለ። ወረቀቱን ስትቀበል አጠቃላይ ነጭ የደም ሕዋስ የሚለውን ብቻ አይታችሁ «ኖርማል ነው» ተብላችሁ እንዳትመለሱ። ሊምፎሳይት የሚለው መስመር ይታይ፤ ቲ ሴሎች የሚቆጠሩት እዚያ ውስጥ ነው። ብዙ ጊዜ በመቶኛ ነው የሚጻፈው። ለምሳሌ ጠቅላላው 9,000 ሆኖ ሊምፎሳይቱ 12 በመቶ ቢሆን፣ ስታባዛው 1,080 ነው። ጠቅላላው ደህና ይመስላል፤ ሊምፎሳይቱ ግን ለአራስ በጣም ትንሽ ነው። ከ3,000 በታች ከሆነ ዝም ተብሎ አይታለፍም። የእናንተ ታሪክ ስላለ ቁጥሩ ደህና ቢሆንም እንኳ ሕዋሳቱ በየዓይነታቸው ይቆጠሩ። ለኤችአይቪ ታካሚዎች ሲዲፎር የሚባለውን የቲ ሴል ዓይነት የሚቆጥረው ማሽን ለዚህም መነሻ ይሆናል። ወረቀቱን ይዛችሁ ጥቁር አንበሳን ወደመሰለ ትልቅ ሆስፒታል የሕጻናት ክፍል ሪፈር ይጻፍላችሁ። ጡት ስለማጥባትም ያኔውኑ ሐኪሙን ጠይቁ።

መዳኛው የአጥንት መቅኔ ንቅለ ተከላ ነው። ወጪውም መንገዱም ከባድ መሆኑን አልደብቅህም። የምቸኩለው ግን በምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት ሦስት ወር ተኩል ሳይሞላቸው ንቅለ ተከላ ከተደረገላቸው ሕፃናት ከአምስት ዓመት በኋላ 94 በመቶው በሕይወት እንደነበሩ አሳይቷል። ኢንፌክሽን ከያዛቸው በኋላ ሲደረግ ውጤቱ እየቀነሰ ይሄዳል። በተወለደ በሁለተኛው ቀን ማወቅና በአራተኛው ወር ማወቅ ለዚህ ልጅ አንድ አይደለም።

ልጁን ስትገላገሉ ጻፍልኝ። ሴትም ወንድም ይሁን፣ ውጤቱን መስማት እፈልጋለሁ።

ጥያቄ፦ ልጄ ዶክተር፣ እኔ አያት ነኝ። የልጅ ልጄ አምስት ዓመቱ ነው፤ እናቱ አረብ አገር ናት። ልጁ ታሞ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ነጭ ጋውን የለበሱ ልጆች መጡና «ለጥናት ደም እንውሰድ፣ ይፈርሙልን» አሉኝ። ጎረቤት «ደሙን ውጭ አገር ይሸጡታል» አለኝ። ልፈርም ወይስ እምቢ ልበል?
*እማማ፣ ከፒያሳ*

መልስ፦ እማማ፣ መጠየቅዎ ደስ ብሎኛል። እምቢ ማለት ይችላሉ። እምቢ ስላሉ የልጁ ሕክምና አይቀርም፣ አይቀንስም። ይህንን ቅጹ ራሱ ሊነግርዎት ይገባል።

አጥኚዎች ደም ለምን እንደሚፈልጉ ሁለት ነገር ልንገርዎ። እ.ኤ.አ. በ1952 ኦግደን ብሩተን የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም የሚያክመው አንድ የስምንት ዓመት ልጅ ነበር። ልጁ በሳንባ ምችና በደም መመረዝ ደጋግሞ ይወድቃል። ሐኪሙ ደሙን አስመረመረው። በሽታ የሚከላከለው ፕሮቲን ጭራሽ የለም። ከሌሎች ሰዎች ደም የተጣራውን እየወጋ ሰጠው፤ ደጋግሞ መታመሙ ቀረለት። ከዘር የሚመጡ የመከላከያ በሽታዎች ጥናት ከዚያ በኋላ ሰፋ። ዛሬ የታወቁት ከ500 በላይ ናቸው።

ሁለተኛው የኩፍኝ ነገር ነው። ሆላንድ ውስጥ ካልተከተቡ 77 ልጆች ኩፍኝ ከመያዛቸው በፊትና በኋላ ደም ተወስዶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 ውጤቱ ሲወጣ፣ ኩፍኙ ልጆቹ ቀድሞ ለሌሎች በሽታዎች ካካበቱት መከላከያ ከ11 እስከ 73 በመቶ የሚሆነውን ጠርጎ ወስዶባቸዋል። ኩፍኝ ካለፈ በኋላ ልጆች በሳንባ ምችና በተቅማጥ ለምን እንደሚያልቁ እናቶቻችን ድሮም ያዩት ነበር። ምክንያቱ ይበልጥ ግልጽ የሆነው በእነዚያ ልጆች ደም ነው።

እኛም አገር ጥናት አዲስ አይደለም። ዘነበወርቅ አለርት ግቢ ያለው የአርማወር ሐንሰን ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1970 በሥጋ ደዌ ጥናት ነው የተጀመረው፤ በቲቢም ብዙ ሠርቷል። የእኛን ልጆች በሽታ እኛ ካላጠናን መድኃኒቱ የሚለካው በሌላ አገር ልጅ ይሆናል። ይህ ነገር ያንገበግበኛል።

ቢሆንም ሳይገባዎት አይፈርሙ። ቅጹ በአማርኛ ይነበብልዎ። ምን ያህል ደም እንደሚወስዱ ይጠይቁ፤ «በማንኪያ ስንት ይሆናል?» ይበሉ። የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ አላችሁ ወይ ይበሏቸው። ናሙናው ወደ ውጭ የሚሄድ ከሆነ፣ የት እንደሚሄድና ለምን እንደሆነ ቅጹ ላይ መጻፍ አለበት። ውጤቱ ለልጁ የሚጠቅም ሆኖ ቢገኝ ይነግሩዎት እንደሆነም ይጠይቁ። ስልክ ቁጥር ያለበት አንድ ቅጂ ቤት ይዘው ይሂዱ። እነዚህን ሲጠይቋቸው የሚቆጣ አጥኚ ካለ አይፈርሙለት።

ሌላም አለ። እናቱ በሕይወት ስላለች ፈቃዱን የምትሰጠው እሷ ልትሆን ትችላለች። የሞግዚትነት ወረቀት ከሌለዎት ይህንን ይንገሯቸውና በስልክ ያነጋግሯት። ልጁም አምስት ዓመቱ ነው፤ መርፌው ለምን እንደሆነ በሚገባው ቋንቋ ይነገረው።

የክትባት ካርዱንም አንዴ ያዩልኝ። ኩፍኝ በ9 ወርና በ15 ወር ሁለት ጊዜ ነው የሚሰጠው፤ ሁለተኛውን ብዙዎች ይረሱታል። ከጎደለው ካርዱን ይዘው በሰፈርዎ ጤና ጣቢያ ብቅ ይበሉ። አምስት ዓመት ሞላው ብለው አይተዉት፤ ምን ማድረግ እንደሚቻል እዚያው ይነግሩዎታል። ክትባቱ በነፃ ነው።